ረድፍ አሥራ አንድ

በአዳማ መብራት ሲጠፋ "ሄደ!" እንላለን፤ ሲበራ ደግሞ "መጣ!" ብለን እንጮኻለን። እንግዳ መቀበልና መሸኘት የምናውቅ ሰዎች ነን። ሲሄድ ምን ይዞብን እንደሄደ፣ ሲመጣስ ምን ሰብሮ እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ማቀዝቀዣው የተቃጠለበት ሰው አንድ ሳምንት ያማርራል፣ ከዚያ ሌላ ይገዛል ወይም ይተወዋል። ይህ ታሪክ ግን ምንም ስላልተቃጠለበት፣ አምፖል እንኳን ስላልፈነዳበት ሰው ነው። ምን እንደጠፋበት ለማወቅ አንድ ሙሉ ቀን በአንዲት ጠባብ ክፍል ተዘግቶ ዋለ።

ስሙ ዲበኩሉ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል አልሆንልህ አለውና የጽናት እድር ጸሐፊ ሆነ። ሥርዓት ይወዳል። ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ያረፈደ አባል ካየ፣ ሽበቱን ሳያፍር እንደ ተማሪ በዓይኑ ይገርፈዋል። ሰው ማስጠበቅን ከኃጢአት ይቆጥረዋል፤ በተለይ ሽማግሌ ማስጠበቅን። ጉድ የሠራውም ይኸው መልካም ጠባዩ ነው።

ጽናት የወንጌል አማኞች እድር ነው፤ ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሱ መቃብር ቦታ አለው። መሥራቾቹ ገና በጠዋቱ አንድ ደንብ አውጥተው ነበር። በመቃብር ላይ እምነ በረድ አይቆምም፣ ፎቶ አይለጠፍም፣ ስም አይቀረጽም። ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ዓይነት የብረት ችንካር ይተከላል፣ በላዩ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል። "በቁማችን ስንፎካከር የኖርነው ይበቃል" ነበር ያሉት። ድሃ የሆነ አባል ሐውልት ማሠራት አቃተኝ ብሎ እንዳይሳቀቅም አስበው ነው። ደንቡ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ አማኞቹ መቃብር አያዘወትሩም። "የእኛ ሰው እዚያ የለም፣ ጌታው ዘንድ ነው" ብለው ከቀበሩ በኋላ ብዙዎቹ ተመልሰው አይሄዱም።

ከሦስት ዓመት በፊት ክረምት ላይ የወረደ ጎርፍ ችንካሮቹን ነቃቅሎ ወሰዳቸው። ዲበኩሉና መቃብር ቆፋሪው ጉቱ ሁለት ወር ሙሉ በፀሐይ እየተንገበገቡ፣ አሮጌውን መዝገብ እያመሳከሩ፣ እያንዳንዱን መቃብር ለይተው አዲስ ችንካር ተከሉለት፤ አዲስ ቁጥርም ሰጡት። አዲሱን ቁጥር ዲበኩሉ ቀጥታ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። አሥራ ስድስት ረድፍ፣ አሥራ ስድስት ፋይል፣ ስድስት መቶ አርባ ስም። አሮጌውን መዝገብ ምስጥ ጀምሮት ስለነበር ከአዳራሹ ጀርባ ወስዶ አቃጠለው። እሳቱ ሲነድ እያየ፣ "ከእንግዲህ ምስጥ ይህን መዝገብ በየት በኩል ይበላዋል!" ብሎ ለብቻው ሳቀ።

ኮምፒውተሩን ለእድሩ የሰጠው አንድ ነጋዴ አባል ነው፤ ከነዩፒኤሱ ነበር የሰጣቸው። ዩፒኤስ ማለት መብራት ድንገት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ፣ "ቶሎ ሥራህን አስቀምጠህ አጥፋኝ" እያለ የሚጮኽ ከባድ ሳጥን ነው። ታዲያ አንድ ቀን በአዳራሹ የማጽናኛ ጸሎት እየተደረገ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እያለ መብራት ሄደ። ሳጥኑም ከጠረጴዛው ሥር ጢ! ጢ! ጢ! ማለት ጀመረ። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ አምባዬ፣ ድምፃቸው ከማይክሮፎን የሚበልጥ ወፍራም ሰው፣ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ይሄ ነገር ለቅሶ ላይ መሆናችንን አያውቅም እንዴ? አውጡልኝ ከዚህ!"

ወጣ። ዕቃ ቤት ከብረት ድስቶቹና ከድንኳን ምሰሶዎቹ መሐል ተወረወረ። የሚያስጠነቅቃቸውን ስለጮኸ ብለው አባረሩት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ሲነሳ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። "ዲስኬ መመርመር አለበት፤ ካልፈለግህ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫንና ዝለለው" የሚል ነው። በመጀመሪያው ቀን ዲበኩሉ ምርመራው ይካሄድ ብሎ ተወው። ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

"ወንድም ዲበኩሉ፣ ማሽንህ ገና ከጸሎት አልተነሳም?" አሉ አቶ አምባዬ፤ አዳራሹም ሳቀ።

ያቺ ሳቅ እስከ አጥንቱ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጥቁሩ ስክሪን ብቅ ሲል ጣቱ ቀድሞ ቁልፉ ላይ ያርፋል። እየቆየ ሲሄድ ይህን እንደ ሙያ ቆጠረው። "አየህ፣ ለማሽን ፊት መስጠት አያስፈልግም" ይል ነበር።

የሚመክር አልጠፋም። ዛኪር የሚባል አለ፤ ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ፣ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው። አንድ ጊዜ ፕሪንተር ሊያስተካክል መጥቶ ዲበኩሉ ምርመራውን ሲዘልለው አየ።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉ?"

"ምን አደረግሁ? አሳለፍኩት።"

"ወላሂ ጋሼ፣ ይሄን አይዝለሉት። ዲስኩ አንድ ነገር እየጻፈ ሳለ መብራት ሲቋረጥበት የቱን የት እንዳስቀመጠው ይምታታበታል። 'አሞኛል፣ እዩኝ' ነው የሚልዎ። ካልታየ ሕመሙ እየተደራረበ ይሄዳል።"

"ዛኪር፣ እኔ ስድስት መቶ አባወራ አገለግላለሁ። ማሽን ታመመ ብዬ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አላሰጣም።"

"እሺ፤ ቢያንስ ኮፒ ይኑርዎት። አንድ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ኪስዎ ይክተቱት፤ አምስት ደቂቃ ነው።"

ዲበኩሉ ፊቱን አጨማደደ። "የሞተ ሰው ስም በኪሴ ይዤ ገበያ ልዙር? ነውር ነው፤ የሙታን ቦታቸው አንድ ነው።"

ዛኪር ሊመልስለት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን የሽማግሌ ክብር አለና ፕሪንተሩን አስተካክሎ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዲበኩሉ ያፈሰሰውን የሚለቅምበት ቀን ገና አልደረሰም ነበር።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ደብዳቤ መጣ። የመልካሳ መንገድ ሊሰፋ ነው፤ መቃብሩም ይነሳል። ቤተሰብ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩን ይዞ ቀርቦ አጽም ያስነሣ፤ እድሩም ትክ ቦታ ተሰጥቶታል። ባለቤት ያልቀረበለት አጽም በአንድ ጉድጓድ በጋራ ይቀበራል ይላል። አባላቱ ተሸበሩ። ዲበኩሉ ግን በጉባኤው ፊት ተነስቶ የኮምፒውተሩን ራስ እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገው።

"አንድም ሰው አይስጋ። ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቁጥር እሰጣለሁ።"

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስልሳ የሚሆን ሰው ከጽሕፈት ክፍሉ ደጃፍ ተሰለፈ። ፊት የቆመችው ወይዘሮ ወርቄ ናት። ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፤ ለዚች ቀን ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። ሶሲ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ስትሠራ ከአራት ዓመት በፊት በወባ ሞተች፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ልጅቷ ስትቀበር እናትየው ያው ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። ስትድን አንድ ጊዜ ብቻ ሄደች፤ ከተቆረጠ ግራር ጉቶ አጠገብ የቆመ ችንካር አሳዩዋት። ከዚያ ጎርፉ መጣ፤ ቁጥሩም ተቀየረ። ተመልሳ ለመሄድ አንጀቷ አልቻለም።

"እህት ወርቄ፣ ረድፍ አሥራ አንድ ናት የአንቺ ልጅ" አለ ዲበኩሉ ፋይሉን እየከፈተ። "እንዲያውም ከፊደል ስህተት የጸዳ ዝርዝር እንዲኖረኝ እያስተካከልኩ ነው።" አንድ ፊደል አጥፍቶ ሌላ ጻፈ፤ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነ።

መብራት ሄደ።

"ሄደ!" አለ ሰልፉ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ መጣ። ጥቁሩ ስክሪን ብቅ አለ፤ ዲበኩሉ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ተነሳ፣ ፋይሉን ፈለገ፣ ሊከፍት ሲል መብራቱ ዳግመኛ ሄደ። መጣ። ስልሳ ሰው አፍጥጦ ያየዋል፤ ቁልፉን ተጫነ። ሦስተኛ ጊዜም ሄዶ መጣ፤ ሦስተኛም ተጫነ። በዚህኛው ጊዜ ማሽኑ ከወትሮው ዘገየ። በመጨረሻ ተነሳና መዝገቡ ወዳለበት ዲስክ ሲገባ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። "ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል። ፎርማት ይደረግ?"

ዲበኩሉ ሁለት ጊዜ አነበበው። ፎርማት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሰሌዳ በዳስተር ጥርግ እንደማድረግ ነው።

"ትንሽ... ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" አለና በሩን ዘጋ።

ክፍሏ ሁለት እርምጃ በሦስት ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ በብረት ፍርግርግ የታጠረ። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ማጋል ጀምሯል። ከውጭ የሰው ሳል፣ የሰው ጉርምርምታ ይሰማል። ሊወጣ አይችልም፤ ስልሳ ሰው በሩ ላይ አለ። ማሽኑን ሊያጠፋው ይፈራል፤ እንዲሁ ትቶ ሊያየውም ይፈራል። ሊናገር አይችልም፤ "ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ" ያለው ራሱ ነው። ያቃጠለው መዝገብ ጭስ አፍንጫው ውስጥ የገባ መሰለው።

በሩ ተንኳኳና አቶ አምባዬ በግድ ገቡ። ስክሪኑን በትከሻው ላይ ተንጠራርተው አነበቡ።

"ይሄው ነው የዘጋህብን? 'እሺ' በለውና ይቀጥል! ሰው እየተጉላላ ነው።"

"አቶ አምባዬ፣ ይሄ..."

"ስንት ጊዜ አልፈኸው የለም እንዴ? ተጫነው!"

ጣቱ ሄደ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የለመደ ጣት ነውና ሄደ፤ ከቁልፉ ላይም ደረሰ። የያዘው የወርቄ ድምፅ ነው። ከበሩ ውጭ ለአጠገቧ ሰው "የእኔማ ተገኝታለች፤ ረድፍ አሥራ አንድ ናት አሉኝ" ስትል ሰማት። እጁን እንደተቃጠለ ሰው መነጨቀና ስልኩን አወጣ።

"ዛኪር? ዲበኩሉ ነኝ። አጠፋሁ መሰለኝ።"

"ምን ይላል?"

ነገረው።

"ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ። ምንም ነገር እንዳይጫኑ። መጣሁ።"

ዛኪር ባጃጅ ይዞ በሩብ ሰዓት ደረሰ። ስክሪኑን ሲያየው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቦርሳውን ከፈተና አንድ ባዶ ዲስክ አወጣ።

"መጀመሪያ የታመመውን ዲስክ እንዳለ ቅጂውን እናወጣለን፤ ምንም ሳንነካበት። ምርመራውንና ጥገናውን የምንሠራው ቅጂው ላይ ነው። ጥገና አንዳንዴ ያለውንም ያጠፋል፤ ዋናው ግን ሳይነካ ይቀመጥልናል። ጊዜ ይወስዳል።"

"ስንት ደቂቃ?" አሉ አቶ አምባዬ።

"አብሽር፣ ዛሬን ይወስዳል።"

"ዛሬን!"

"መብራቱ መሐል ላይ ከሄደ ደግሞ እንደገና ነው። ዩፒኤስ የላችሁም?"

ዲበኩሉና አምባዬ ተያዩ። ዕቃ ቤት ሄደው አመጡት። ሦስት ዓመት ከድስት ጋር ተኝቶ ባትሪው አብጦ ነበር፤ አንድ ደቂቃ እንኳን አይዝም። ዛኪር አገላብጦ አየውና ከፊቱ ያለች ትንሽ ቁልፍ አሳያቸው።

"ለምን አስወገዳችሁት?"

"ይጮኻል" አሉ አምባዬ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"እቺን ቁልፍ ሦስት ሰኮንድ ተጭነው ቢይዙለት ዝም ይል ነበር።"

ከዚያ አምባዬ ወጥተው የራሳቸውን ፒካፕ ኮፈን ከፈቱ፤ ባትሪውን አስፈትተው ተሸክመው መጡ። ዛኪር የባትሪን ጉልበት ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ከሱቁ አስመጥቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። የሰብሳቢው መኪና ደጅ ላይ ቀረች።

ሥራው ተጀመረ። አንድ በመቶ። ሁለት በመቶ። ቁጥሩ ከቀንድ አውጣ ይዘገያል። አምባዬ ወጥተው "ማሽኑ ትንሽ ሥራ አለበት፣ ጠብቁ" አሉ። ከሰልፉ የተወሰነው ተበተነ፤ የተወሰነው ጥላ ፍለጋ ከግድግዳው ተለጠፈ። ዲበኩሉ ከክፍሏ አልወጣም። ላብ አጠመቀው። ሁለት እርምጃ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ሁለት እርምጃ ይመለሳል፣ ቁጥሩን ያያል። ስንት የመብራት መቋረጥ፣ ስንት ጊዜ የተጫነ ቁልፍ? በሦስት ዓመት ውስጥ ያተረፋት ደቂቃ ሁሉ ተደምራ የዛሬዋን ቀን አትክስም።

ሰባት ሰዓት ላይ በፍርግርጉ በኩል አንድ እጅ ገባ። የወርቄ እጅ ነበር፤ አምባሻና አንድ ፕላስቲክ ውሃ ይዟል።

"ጋሽ ዲበኩሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሱም። ለኛ ብለው እንዲህ ሲደክሙ... ጌታ ይባርክዎት።"

ተቀበላት። ሊነግራት አፉን ከፈተና "አሜን" ብቻ አለ። አምባሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ቀኑን ሙሉ አልነካውም። የስድብ ናዳ ቢወርድበት ይቋቋመው ነበር፤ ይህን ምርቃት ግን የት ያድርሰው?

ስምንት ሰዓት ላይ ቅጂው አለቀና ምርመራው ተጀመረ። ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፤ የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። ከውጭ "ሄደ!" ተባለ። ሦስቱም ሰዎች ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ስክሪኑ ግን አልጠፋም። በአምባዬ ባትሪ ጉልበት ስልሳ ሁለት አለ። አምባዬ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው በመሐረባቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አበቃ። ዛኪር የወጣውን አቃፊ ከፈተ። ከአሥራ ስድስቱ ፋይሎች ስምንቱ በስማቸው ተገኙ። የቀሩት ስማቸውን አጥተው ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል፤ ልክ እንደ መቃብሮቹ። ዛኪር አንድ በአንድ እየከፈተ፣ ዲበኩሉ ስም እያነበበ የየትኛው ረድፍ እንደሆነ ይለያል። ረድፍ ሦስት። ረድፍ ዘጠኝ። ረድፍ አሥራ አራት። እያንዳንዱ ሲገኝ ዲበኩሉ እንደ ሕፃን እጁን ያጨበጭባል።

አሥራ አምስት ሆኑ። የቀረችው አንዲት ፋይል ተከፈተች። ባዶ ናት።

"እቺኛዋ መብራቱ ሲሄድ ተከፍታ የነበረችው ናት" አለ ዛኪር ቀስ ብሎ። "እየተጻፈባት ሳለ ነው የተቋረጠው። በመጀመሪያው ጊዜ ምርመራው እንዲካሄድ ቢተዉት ምናልባት ትተርፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሌላ ነገር በላይዋ ተጻፈ። አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ አልችልም።"

ዲበኩሉ የትኛዋ እንደሆነች መቁጠር አላስፈለገውም።

"አሁን ውጣና 'ማሽኑ በላው' በላቸው" አሉ አምባዬ። "የመብራት ነገር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማን ይፈርድብሃል?"

እውነትም ማንም አይፈርድም ነበር። በአገራችን መብራት ብዙ ሰው የሠራውን ጥፋት ተሸክሞ ይኖራል። ዲበኩሉ በሩን ከፈተ። ደጁ ላይ አሥር የማይሞላ ሰው ቀርቷል፤ ወርቄ ከደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ስታየው ብድግ አለች።

"ተገኘች?"

"አልተገኘችም" አለ። "ረድፍ አሥራ አንድ ጠፍቷል። ያጠፋው መብራት አይደለም፣ ማሽኑም አይደለም፤ እኔ ነኝ። ማሽኑ ሦስት ዓመት ሙሉ መርምረኝ ሲለኝ ዘለልኩት። ኮፒ ያዝ ስባል ነውር ነው አልኩ። የወረቀቱን መዝገብ በገዛ እጄ አቃጠልኩ። ዛሬም ለሦስተኛ ጊዜ ስጫን ፊቴ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።"

ወርቄ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም።

"መጀመሪያ ስትቀበር አልነበርኩም" አለች። "አሁን ደግሞ እርስዎ ሁለተኛ ቀበሯት።"

ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ሰው ዲበኩሉን ወቅሶታል፤ እሱ ግን የሌላውን ቃል አያስታውስም።

በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የስልሳ ሰባት ዓመቱ ዲበኩሉ ከጠዋት እስከ ማታ መቃብሩ ላይ ዋለ። በረድፍ አሥራ አንድ አርባ ችንካር አለ። ቤተሰብ ለቤተሰብ እየዞረ "መቼ ቀበራችሁ? ከማን ቀጥሎ?" እያለ ጠየቀ። ጉቱም አካፋውን ተደግፎ የቆፈረውን ሁሉ ለማስታወስ ደከመ። አንዱ ድንጋይ ያስቸገረው ነው፣ አንዱ ዝናብ ላይ የተቆፈረ ነው። እየለዩ እየለዩ ለሠላሳ ሰባቱ ባለቤት አገኙላቸው። ሦስት ቀሩ። ሦስቱም ከግራሩ ጉቶ አጠገብ ጎን ለጎን ናቸው።

ወርቄ ተጠርታ መጣች። ጉቱ ባርኔጣውን አውልቆ በኦሮምኛ ሰላም አላት።

"አዴ ወርቄ፣ አካም ጂርቱ? ልጅሽ ከነዚህ ከሦስቱ አንዷ ናት። የዚያን ሳምንት ወባ ነበር። ሦስት ሰው በአንድ ሳምንት ቆፈርኩ። ሁለቱ ከሩቅ አገር ለሥራ የመጡ ልጆች ናቸው፤ እዚህ ዘመድ የላቸውም፤ እድሩ ነው በራሱ የቀበራቸው። የቷ የማን እንደሆነች ግን፣ ዋቃ ያውቃል፣ አልዋሽሽም።"

"የሁለቱ ስም ማን ነበር?" አለች ወርቄ።

ጉቱ ወደ ዲበኩሉ ዞረ። ዲበኩሉ አንገቱን ደፋ። የሁለቱ ልጆች ስም በዓለም ላይ የተጻፈው በዚያች ባዶ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር።

"እህቴ፣ አንዱን ምረጪ" አሉ አቶ አምባዬ በለስላሳ ድምፅ። "ጌታ ልብሽን ያያል። የቀሩት ሁለቱ በደብዳቤው መሠረት ወደ ጋራ ጉድጓዱ ይሄዳሉ።"

ወርቄ ከሦስቱ ችንካሮች ፊት ቆመች። የመጀመሪያውን ነካች፣ ሁለተኛውን ነካች፣ ሦስተኛውን ነካች።

"አልመርጥም" አለች። "ብሳሳት ልጄን ለጋራ ጉድጓድ እሰጣታለሁ። ሦስቱንም አነሣለሁ። አንዷ የእኔው ናት፤ ሁለቱም ቢሆኑ የሆነች እናት አለቻቸው፤ የት እንዳሉ ሳታውቅ ትኖራለች። እስክትመጣ የእኔ ይሁኑ።"

ጉቱ አካፋውን አነሣ። ዲበኩሉ ቆሞ አለቀሰ፤ እንባውንም አልደበቀም።

አንባቢ ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አዋቂ አያጣንም። ግን መዝገብ ያለህ ጸሐፊ፣ የሕሙማን ካርድ ያለሽ ነርስ፣ የልጆችን ውጤት የያዝህ መምህር፣ ማሽኑ "መርምረኝ" ሲልህ የምትዘልለው ደቂቃ የአንተ ብቻ አይደለችም፤ ስማቸው እጅህ ላይ ያለ የእነዚያ ሰዎች ሁሉ ናት። ያለህን ነገር አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጠው። መብራቱን እኔና አንተ ላናስተካክለው እንችላለን፤ ሲሄድ የሚጎዳውን መቀነስ ግን በእጃችን ነው።

ዛሬ የጽናት እድር መዝገብ በሦስት ቅጂ ይኖራል። አንዱ በዲበኩሉ ኪስ ባለ ፍላሽ፣ አንዱ በአምባዬ ቤት፣ አንዱም ታትሞ በብረት ሳጥን። አዲስ ዩፒኤስ ተገዝቶ ከጠረጴዛው ሥር ተመልሷል። ባለፈው እሑድ ጉባኤ ሊጀመር ሲል መብራት ሄዶ ሳይመለስ ቆየ፤ ዲበኩሉ ከደጅ ሆኖ ሳይደርስበት የዩፒኤሱም ባትሪ አለቀ። ሲመጣ ያ ጥቁር ስክሪን ብቅ አለ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ዲበኩሉ ሁለት እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"አባቶች፣ ማሽኑ ምርመራ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን።"

"ይጨርስ" አሉ አቶ አምባዬ። "ለዚህ ያልጠበቅን ለምን ልንጠብቅ ነው?"

ጠበቁ። ምርመራው ሲያልቅ ዲበኩሉ የአዲሱን መቃብር ረድፍ አሥራ አንድ ከፈተ። ወርቄ በዕለቱ የመጣችው ቁጥሯን በወረቀት ለመውሰድ ነበር። አትሞ ሰጣት። ሦስት ቁጥር ነው፤ በሦስቱም ትይዩ፣ የሟች ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ አንድ ዓይነት ቃል ሰፍሯል፦ "የወርቄ ልጅ"። ሦስቱንም አነበበች፤ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"ኮፒው እርስዎም ጋ አለ አይደል?" አለችው።

ዲበኩሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ፍላሹን አወጣና አሳያት።